የሕልም ቤትዎ የት ይሁን? አናት፣ ወገብ፣ ግርጌ፣ ውኃ ዳር፣ ደን ዳር ወይስ ከተማ

የሕልም ቤት ሲነሣ ብዙ ሰው በዓይኑ የሚመጣበት ቤቱ ነው፤ ሰፊ መስኮት፣ በረንዳ፣ ብርሃን የሞላበት ሳሎን። ቦታው ኋላ ይታሰባል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መስኮት ይሰፋል፣ ግድግዳ ይፈርሳል፣ ጣሪያ ይቀየራል። የመሬቱ ተዳፋት፣ የአፈሩ ጠባይ፣ ጎርፉ የሚወርድበት መስመርና የፀሐይዋ መንገድ ግን ከገዙት በኋላ ያው ናቸው። ስለዚህ ከቦታው እንጀምራለን፤ ቤቱ ላይ የምንደርሰው በመጨረሻ ነው።

የምናወዳድረውም በአንድ መለኪያ ነው፤ ቦታው በክፉ ቀኑ ምን ይመስላል? ኮረብታ ሁሉ ፀሐያማ ቀን ላይ ያምራል። ሐይቅ ሁሉ ነፋስ በሌለበት ምሽት ያባብላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ዶፍ ሲጥል፣ ውርጭ ሲወርድ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ሌሊት ሰው ታሞ መኪና ሲፈለግ ነው።

ቦታ ማየት ከመጀመርዎ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ተራ ቀንዎን በየሰዓቱ ይጻፉ። ቅጽል አይጻፉ። «ጸጥታ እወዳለሁ» የሚለው ምንም አይመርጥልዎትም። «ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የመኪና ድምፅ እንዳይሰማኝ» የሚለው ግን ግማሹን ቦታ ከዝርዝርዎ ያወጣል። ማን ቀድሞ ይነሣል? ፀሐይ ጠዋት የት ክፍል ትግባ? በሳምንት ስንት ቀን ከቤት ይወጣሉ? እንግዳ ያድራል? ይህ ወረቀት ቀጥሎ ላለው ሁሉ መፍረጃ ይሆናል።

አናቱ፣ ወገቡ፣ ግርጌው

አንድ ኮረብታ ሦስት የአየር ጠባይ አለው። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ በላዩ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ጠዋት ጉም ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ ወገቡ ላይ ፀሐይ የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው። ግርጌ የተሠራ ቤት ሌሊቱ የበለጠ ይበርደዋል፣ እርጥበቱ ይቆይበታል፣ አትክልቱን ውርጭ ይመታዋል። በምላሹ አፈሩ ጥልቅ ነው፣ የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ይቀርባል፣ መንገዱም ይቀላል።

አናቱ ሌላ ነው። ነፋስ ኮረብታ ሲወጣ ስለሚጨመቅ ጫፉ ላይ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ጣሪያ የሚነቀለውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ውኃ መግፋትም ዋጋ አለው፤ እያንዳንዱ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይበላል። ዋናው ቱቦ 3 ባር ግፊት ካለውና ቤቱ ከቱቦው 30 ሜትር ከፍ ካለ፣ ቧንቧው ይንጠባጠባል እንጂ አይፈስም። ፓምፕና ታንከር ግድ ይሆናሉ፤ መብራት ሲጠፋም ውኃው አብሮ ይጠፋል።

ወገቡ ከሁለቱም ይሻላል ብለን እናምናለን። ቀዝቃዛው አየር አልፎት ይወርዳል፣ የነፋሱን ኃይል አናቱ ይቀበልለታል፣ እይታውም ብዙ አይቀንስም። ለእይታ ሲሉ አናት ላይ ለመሥራት የወሰኑ ቢያንስ ቤቱን ከጫፉ ጥቂት ሜትር ዝቅ አድርገው፣ ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጎን ያስቀምጡት።

የሚያወዳድሯቸው ቦታዎች በተለያየ ከፍታ ላይ ከሆኑ አንድ ነገር ይጨምሩ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። የ400 ሜትር ልዩነት ማለት 2.6 ዲግሪ ነው። በየምሽቱ ሹራብ የሚያስደርብ ልዩነት ነው።

ተዳፋቱን በዓይን አይገምቱ

ዓይን ተዳፋትን አጋንኖ ወይም አሳንሶ ያያል። መለካቱ ግን አንድ ረዳት ብቻ ይፈልጋል። ላይኛው ጫፍ ላይ ካስማ ይትከሉና እግሩ ስር ሲባጎ ይሰሩ። 10 ሜትር ቁልቁል ሄደው ረጅም እንጨት ያቁሙ። ሲባጎውን ወጥረው የሲባጎ ውኃ ልክ መሐል ላይ ያንጠልጥሉ፤ አረፋዋ መሐል እስክትገባ እንጨቱ ላይ ያለውን ጫፍ ከፍ ዝቅ ያድርጉ። አሁን ከሲባጎው እስከ መሬት በሜትር ይለኩ። 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 5 በመቶ ነው፤ 1.5 ሜትር ከሆነ 15 በመቶ። ሦስት ቦታ ላይ ይድገሙት።

እስከ 10 በመቶ ያለው እጅግ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ውኃ ከሚያቁር ሜዳ ይመረጣል። ከ10 እስከ 20 በመቶ ያለው ቤቱን በደረጃ ከፋፍሎ መሥራት ይጠይቃል። ከ20 በላይ ከሆነ ለመሠረትና ለአፈር መከላከያ ግንብ የሚወጣው ወጪ ቤቱን መፎካከር ይጀምራል። መሬቱ ርካሽ የሆነበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አፈር የሚደግፍ ግንብ የሚወድቀው በአፈሩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው የታቆረ ውኃ ነው የሚጥለው። ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ግንብ ጀርባ ውኃ እስከ አፉ ቢሞላ፣ በእያንዳንዱ 1 ሜትር ርዝመት ላይ 2 ቶን ያህል ይገፋል። ቁመቱ 4 ሜትር ከሆነ 8 ቶን ይሆናል፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። አንድን 4 ሜትር ግንብ ወደ ሁለት የ2 ሜትር እርከን መከፋፈል የሚያዋጣው ስለዚህ ነው፤ በሁለቱ መካከል ግን በቂ ርቀት ይተው፣ ካልሆነ የላይኛው የታችኛውን ይጫነዋል። ከግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይሞላ፣ በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ደለል የሚያጣራ ጨርቅ ይግባ፣ ከሥር ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይዘርጋ፣ ግንቡም ላይ በየ1.5 እስከ 2 ሜትሩ ውኃ መውጫ ቀዳዳ ይኑር። የሚገዙት ቦታ ላይ ግንብ ካለ ሆዱን ይመልከቱ። መሐሉ ወደ ውጭ ከተነፋ ወይም ከዝናብ በኋላ ቀዳዳዎቹ ደርቀው ግንቡ ከወዛ፣ ውኃው ውስጥ ታምቋል።

ሌላው የተዳፋት ስሕተት መሬቱን ከላይ ቆርጦ ያንኑ አፈር ከታች በመሙላት ሜዳ ማውጣት ነው። ግማሹ ቤት ያልተነካ መሬት ላይ፣ ግማሹ ሙሌት ላይ ያርፋል። ሙሌቱ ቀስ በቀስ ይሰጥማል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ሙሌት የግድ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። የቤቱ መሠረት ግን ሙሌቱን አልፎ ነባሩ መሬት ላይ ይረፍ።

አፈሩ የሚናገረው

ወደ 2 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ያስቆፍሩና ግድግዳውን ይመልከቱ። ቀለሙ የት ላይ ይቀየራል? ውኃ ከየት ይወጣል? ጥልቅ ጉድጓድ ሊናድ ስለሚችል ሳይደገፍ ማንም አይግባበት፤ ከላይ ሆነው ይዩ። ከዚያ ከ1 ሜትር ጥልቀት የወጣ እፍኝ አፈር ጠርሙስ ውስጥ ውኃ ጨምረው በኃይል ይምቱትና ያስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃዎች ይዘቅጣል፣ ደለሉ ሰዓታት ይወስዳል፣ ሸክላው አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ውኃውን አደፍርሶ ይቆያል። ከነገ ወዲያም ካልጠራ ሸክላው ብዙ ነው።

ዋልካ አፈር ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ በደረቅ ወቅት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ ጥልቀት በሌለው መሠረት የተሠራ ቤት በየወቅቱ ይነሣል ይቀመጣል። ምልክቱ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ነው፤ በአካባቢው ያሉ ቤቶች ላይ ፈልገው ያዩታል። በሮች በአንድ ወቅት አልዘጋ እያሉ በሌላው በቀላሉ የሚዘጉ ከሆነም ያው ነው። መፍትሔው እርጥበት ከማይለዋወጥበት ጥልቀት ድረስ መውረድ ወይም አፈሩን አውጥቶ በማያብጥ አፈር መተካት ነው። ሁለቱም ወጪ ናቸው፤ ዋጋ ሲነጋገሩ ከመሬቱ ጋር ይደምሯቸው።

ውኃ ዳር፦ ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ባሕር

«የ100 ዓመት ጎርፍ» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። በ100 ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ይደርሳል፤ ከአራት አንድ ማለት ነው። ወንዝ ዳር ያለ ለጥ ያለ ሜዳ ለጥ ያለው ወንዙ ራሱ ደለል እያነጠፈበት ስለኖረ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ተሰክቶ የደረቀ ሣር፣ ግንድ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር ወይም ክብ ክብ የሆነ ጠጠር ካዩ ውኃው እስከዚያ ደርሷል። የቤቱ ወለል ከዚያ መስመር በላይ እንዲሆን ብቻ ሳይሆን መውጫ መንገዱም እንዲሁ ይሁን፤ ቤቱ ደርቆ መንገዱ ከተዋጠ መውጫ የለም።

ሐይቅ ከወንዝ ይልቅ የተረጋጋ ነው፣ ግን የውኃው ከፍታ በዓመታት ይወጣል ይወርዳል። በቀድሞ ዘመን ውኃው እስከ የት ደርሶ እንደነበር አዛውንቶችን ይጠይቁ።

የባሕር ዳር ጠላት ጨው ነው። ነፋስ የሚያመጣው ጨው ኮንክሪት ውስጥ ዘልቆ ፌሮውን ያዝገዋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ የበረንዳው ሥር እየተቀረፈ መውደቅ ይጀምራል። ፌሮው ላይ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ኮንክሪት ይልበስ። በዚንክ የተለበጠ ብረት እዚያ ዕድሜው ያጥራል፤ ለማጠፊያ፣ ለብሎንና ለእጅ መደገፊያ 316 የሚባለውን የማይዝግ ብረት ይምረጡ። ባሕርን ለሚወዱ ምክራችን የመጀመሪያውን ረድፍ ለሌላው መተው ነው። ወደ ኋላና ከፍ ያለ ቦታ ባሕሩን ያሳያል፣ ጨውንና ማዕበልን ግን ይቀንሳል።

ደን ዳር ወይስ ከተማ

ደን ጥላ፣ ጸጥታና ንጹሕ አየር ይሰጣል። ክፉ ቀኑ እሳት ነው። እሳት ዳገት ሲወጣ ከፊቱ ያለውን ቅጠል እያደረቀ ስለሚሄድ፣ በ10 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ደኑ ከቤቱ በታች ከሆነ ከላይ ከመሆኑ የከፋው ለዚህ ነው። ከግድግዳው እስከ 1.5 ሜትር ድረስ የሚቃጠል ነገር አይኑር፤ የማገዶ ክምርም ቢሆን። እስከ 10 ሜትር ዛፎቹ ይሳሱ፣ ሣሩ ይታጨድ፤ ተዳፋት ላይ ይህ እስከ 30 ሜትር ይሂድ። አፈሩ ሸክላ ከሆነ ዛፉ ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከመሠረቱ ይራቅ፤ ሥሩ እርጥበቱን ስለሚመጥ መሠረቱ አንድ ወገን ይሰጥማል።

ከተማ ውስጥ ወይም ዳር ለሚፈልጉ ሁለት ስሌት ይበቃል። የመጀመሪያው መንገድ ነው። መሄጃ 1 ሰዓት መመለሻ 1 ሰዓት በዓመት 230 የሥራ ቀን ሲባዛ 460 ሰዓት ነው፤ በ8 ሰዓት ቢካፈል 57 ተኩል የሥራ ቀን። ሰፊው ግቢ ይህን የሚያክስ መሆኑን ራስዎን ይጠይቁ። ሁለተኛው ድምፅ ነው። ከትልቅ መንገድ ርቀትዎን እጥፍ ሲያደርጉ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው፤ ጆሮ «በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ግን ወደ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ነው። ከ50 ወደ 100 ሜትር መራቅ ብዙ አይረዳም። መንገዱን ከዓይን የሚጋርድ ጉብታ ወይም ሕንፃ ይረዳል። አንድ ረድፍ ዛፍ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይጠቅምም።

ቧንቧ ከማይደርስበት ርቀው ለሚሠሩ፦ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,000 ሊትር ነው። የሴፕቲክ ጉድጓዱ ከውኃ ጉድጓዱ 30 ሜትር ይራቅ፣ ቁልቁልም ይሁን።

ፀሐይዋ የምትሄድበት

ከምድር ወገብ ርቆ በሰሜን ለሚኖር የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት፤ ርቆ በደቡብ ለሚኖር በሰሜን በኩል። ምሳሌ እንውሰድ። 40 ዲግሪ ሰሜን ላይ የሰኔ ፀሐይ በቀትር 73.5 ዲግሪ ትወጣለች፣ የታኅሣሥ ፀሐይ 26.5 ዲግሪ ብቻ። ወደ ደቡብ በሚያይ 1.5 ሜትር ቁመት ያለው መስኮት አናት ላይ 45 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ጥላ ቢሠሩ፣ በሞቃቱ ወቅት ቀትር ላይ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ይጠለላል። በብርዱ ወቅት ያው ጥላ የሚሸፍነው የመስኮቱን ላይኛ 22 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የተቀረው ፀሐይ ይገባል። ያለ ማሽን፣ ያለ መብራት ወጪ።

ምድር ወገብ አጠገብ ይህ አይሠራም። ፀሐይዋ ከፊል ዓመት በሰሜን፣ ከፊል ዓመት በደቡብ ታዘነብላለች፣ ቀትር ላይ ግን ሁልጊዜ ከፍ ያለች ስለሆነች ዋናውን ሙቀት የሚቀበለው ጣሪያው ነው። አስቸጋሪዎቹ የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳዎች ናቸው። ዝቅ ያለች ፀሐይን ከላይ የሚወጣ ጥላ አያግዳትም። ምዕራቡ ላይ መስኮት ይነስ፤ መጋዘን፣ ደረጃ፣ መታጠቢያ ቤት ይቀመጥበት። ቤቱም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይርዘም።

አንድ ፎቅ ወይስ ሜዳ ቤት

160 ካሬ ሜትር ቤት ይፈልጋሉ እንበል። ሜዳ ላይ 10 በ16 ቢሠራ መሠረቱም ጣሪያውም 160 ካሬ ነው፤ ዙሪያው 52 ሜትር፣ በ3 ሜትር ቁመት 156 ካሬ ግድግዳ። 8 በ10 ሆኖ በሁለት ደርብ ቢሠራ መሠረቱና ጣሪያው 80፣ 80 ይሆናሉ፣ ግድግዳው 216 ይደርሳል። ሲደመር የሜዳው ቤት 476 ካሬ ውጫዊ ገጽ አለው፣ ባለ ፎቁ 376። ብርድ አገር ሙቀት የሚወጣው በዚህ ገጽ ስለሆነ ፎቁ ያሸንፋል። ጠባብ መሬትና ተዳፋት ላይም እንዲሁ።

ፎቅ የሚበላው ነገር ግን አለ። ከወለል ወለል 3 ሜትር ከሆነ 18 እርከን፣ እያንዳንዱ 16.7 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። መርገጫው 28 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደረጃው 4.76 ሜትር ይረዝማል። የከፍታው እጥፍና መርገጫው ሲደመሩ ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር ከሆኑ እግር አይደናቀፍም፤ እዚህ 61.4 ነው። 1 ሜትር ስፋት ያለው ደረጃ ማረፊያውን ሳይጨምር ከሁለቱ ደርብ ወደ 10 ካሬ ይወስዳል። ቦታ ለመቆጠብ ደረጃውን አሳጥረው አቀበቱን ያከበዱ ቤቶች ውስጥ አዛውንት ታች፣ ወጣት ላይ ተለያይተው ይኖራሉ።

እኛ የምንመርጠው ፎቅ ሆኖ ታች አንድ መኝታና ሙሉ መታጠቢያ ቤት ያለውን ነው። የታች በሮች 90 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ፣ መታጠቢያ ቤቱ ተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርበት 1.5 ሜትር ክብ ይኑረው። የመግቢያው ወለል ከግቢው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ 5.4 ሜትር ይረዝማል፤ ቦታው ከአሁኑ ይተው።

ስለ ግድግዳ አጭር ቃል። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በሚበርድበት ቦታ ወፍራም የድንጋይ፣ የጡብ ወይም የጭቃ ጡብ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት አዘግይቶ ሌሊት ይሰጣል። ሌሊቱም በማይቀዘቅዝበት ወበቃማ ቦታ ያው ግድግዳ ሌሊቱን ሙሉ ይለበልባል፤ እዚያ ቀላል እንጨት፣ ከመሬት ከፍ ያለ ወለልና በሁለት ወገን ትይዩ መስኮት ይሻላል። የጭቃ ጡብ የመረጡ ሥሩን ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር በድንጋይ ያንሡት፣ የጣሪያውን ክፈፍ ያስረዝሙት። ለጥንካሬ ተብሎ በሲሚንቶ መለሰን ግን ያበላሸዋል፤ እርጥበቱ ከልስኑ ኋላ ታምቆ ጭቃው ይሟሟል፣ ልስኑ ባዶውን ቆሞ ይቀራል። በኖራ ወይም በጭቃ ይለሰን።

ሁለት ቦታ ሲቀር

መጀመሪያ የማይታለፉትን ይጠይቁ፦ ሕጋዊ መግቢያ መንገድ አለ? ውኃ ይደርሳል? ጎርፍ ይደርስበታል? መሬቱ ይንሸራተታል? ተዳፋት ላይ ያሉ ዛፎች ግንዳቸው ከሥሩ ተቆልምሞ ወደ ላይ የሚቃና ከሆነ፣ ወይም ሣሩ ላይ እንደ ጨረቃ የተቆረጠ ስንጥቅ ካለ፣ አፈሩ እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ መሐንዲስ ሳያየው አይግዙ። በእነዚህ አንዱን የወደቀ ቦታ ሌላው ሁሉ ቢያምር አይጠገንም። ነጥብ መስጠት የሚጀመረው ሁለቱም ካለፉ በኋላ ነው፤ ያኔ ያን የቀንዎን ወረቀት አውጥተው እያንዳንዱን መስመር በሁለቱም ቦታ ይፈትሹት።

ሦስት ጊዜ ይሂዱ፦ ዶፍ ሲጥል ወይም እንዳባራ፣ ሌሊት፣ እና በሥራ ቀን ጠዋት መኪና በሚበዛበት ሰዓት። ዝናብ ላይ ሲሄዱ ሜዳውን አይዩ፤ ውኃው ከላይኛው ጎረቤት ወደ እርስዎ የሚገባበትን ቦይ ይከተሉ፣ የት እንደሚወጣም ይዩ።

በመጨረሻ ካስማና ሲባጎ ይዘው የቤቱን ዙሪያ በልኩ መሬት ላይ ያውጡ፤ ክፍሎቹን በኖራ ያስምሩ። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለኩ፤ በመካከላቸው ያለው ሰያፍ 5 ሜትር ካልሆነ ማዕዘኑ አልተገጠመም። አልጋው በሚሆንበት ቦታ ወንበር አስቀምጠው ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቀመጡ፤ ከዚያ ኩሽናው በሚሆንበት። እይታው አልጋው ጋ ከቀረና ኩሽናው ግድግዳ ብቻ የሚያይ ከሆነ፣ ካስማውን ነቅሎ ማዞር አሁን የሚፈጀው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።